ሸራ የለበሰች ማኪና

ካስል፣ ጀርመን
ጥቅምት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ዓለምነው፣

ጤናዎ እንዴት ነው? መንደርዎ ጠዳስ እንዴት ሰነበተች? እኔና ሄለን በእናንተ ጸሎት ደህና ነን፤ ከብርዱ በቀር የምንከሰው የለም።

በስልክ ስደውል «አልሰማህም፣ አልሰማህም» እያሉ ስለሚዘጉብኝ ወረቀት ይሻላል ብያለሁ። ይህችን የምታደርስልዎ ጎንደር ፒያሳ የጨርቅ ሱቅ ያላት ነጃት ናት። ወንድሟ ዐብዱልከሪም እዚህ ጎረቤቴ ነው፤ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አያጣም። መልሱንም ለእሷ ይስጡልኝ።

ሐምሌ ላይ ባለ አልጋዋን ማኪና፣ ካምፐሯን፣ ግቢዎ አቁሜ ስሄድ ለጥምቀት እመለሳለሁ ብዬ ነበር። አሁን መቼ እንደምመለስ አላውቅም። የቆመ ማኪና ይሞታል፤ መጀመሪያ የሚሞተው ደግሞ ባትሪው ነው። ስለዚህ ላስቸግርዎ።

ሁለት ባትሪ አላት። ከፊት ኮፈኑ ሥር ያለው ሞተር ያስነሳል፤ ከአልጋው ሥር ያለው ለመብራቱ ነው። ጣሪያዋ ላይ ያለው ጥቁር ሰሌዳ ሶላር ነው፤ ፀሐይ ካየ ሁለቱንም ይመግባል። እርስዎ በየሁለት ሳምንቱ ሞተሩን አስነስተው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። አስነስቶ ቶሎ ማጥፋት ከሚሰጠው የሚወስደው ይበልጣል። በየወሩ የፊተኛውን ስድስት ክዳኖች ከፍተው ይዩ፤ ውሃው ከወረደ ከመለዋወጫ ሱቅ የባትሪ ውሃ ገዝተው ይሙሉ፤ የቧንቧ ውሃ አይሆንም።

ለምን እንደምጨቀጭቅዎ ያውቃሉ። ይህችን ማኪና ጅቡቲ ድረስ በመርከብ ያመጣኋት ለሽርሽር አይደለም። እናቴ ዳሌዋ ከተበላሸ ወዲህ ተቀምጣ መሄድ አትችልም። ለምርመራ ከዳባት ጎንደር የወረደችው በዚያች አልጋ ላይ ተኝታ ነው። የቀዶ ሕክምናው ተራ ሲደርስ ይጠሯታል፤ ያን ቀን ማኪናዋ መነሳት አለባት። ሌላ ሰው የለኝም።

አክባሪዎ ምስጋናው


ጠዳ
ኅዳር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

በስመ ሥላሴ።

ለልጄ ለምስጋናውና ለባለቤትህ ለሄለን፤ የምታድሩበትን ጣሪያ መላእክት ይጠብቁት፤ እንጀራችሁን በሰው አገርም ቢሆን ያጣፍጥላችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ማኪናህም ሸጋ ናት።

የጻፍከውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንዳልረሳ በወር በአሥራ ሦስትና በወር በሃያ ስምንት አደረግኩት። የሚካኤልና የመድኃኔ ዓለም ማግሥት ነው፤ በበዓሉ ቀን ቤተ ክርስቲያን ስሜ እመለሳለሁ፣ በማግሥቱ ማኪናህን አስነሳለሁ። አንዱን ከረሳሁ ሌላውንም ረሳሁ ማለት ነው፤ ስለዚህ አትስጋ።

ደግሞ ልብስ ሰፋሁላት። አርባ ዓመት ልብስ ስሰፋ እንዲህ ያለ ወገብ ለክቼ አላውቅም! ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ መሰላል ላይ ወጣሁ። ሸራውን ልገዛ ነጃት ዘንድ ብሄድ፣

«አያ ዓለምነው፣ ይህ ሁሉ ለማን ነው? ድንኳን ማከራየት ጀመሩ እንዴ?» አለችኝ።

«ቀሚስ ነው» አልኳት።

«ሙሽራዋ ወፍራም ናት በሉኛ!» ብላ ሱቁን በሳቅ ሞላችው። ባለቤቴ እቴነሽ ከሞተች ወዲህ ሰው በእኔ ነገር ሲስቅ አልሰማሁም ነበርና ደስ አለኝ።

አሁን ከጣሪያ እስከ ጎማ ተሸፍናለች። አቧራም ዓይንም አያገኛት። ሌላም ምክንያት አለ፤ ለወረቀት አይሆንም።

ለእናትህ ለአባይነሽ መንገደኛ ባገኘሁ ቁጥር «ማኪናሽ ሸጋ ናት» እያልኩ እልካለሁ። የአያቶቻችን ወንድማማችነት ሩቅ ቢሆንም፣ አደራህ ለእኔ ቅርብ ነው።

ዓለምነው


ካስል
ጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ዓለምነው፣

እንኳን ለልደቱ አደረሰዎ። ደብዳቤዎን ለሄለን ሳነብላት የሸራው ቀሚስ ጋ ስደርስ በእንባ ሳቀች። እግዚአብሔር ይስጥልን።

አንድ ነገር ብቻ፤ በክፉ አይዩብኝ። ጣሪያውን ይግለጡላት። ሶላሩ ፀሐይ ካላየ ሥራ ፈቶ መቀመጡ ነው። ጎኗን ይሸፍኑት፤ ጣሪያዋ ግን ይከፈት።

ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ይሠራል? ውሃውስ?

አክባሪዎ ምስጋናው


ጠዳ
መጋቢት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

በስመ ሥላሴ።

ለልጄ ለምስጋናው፤ የወጣህበትን በር ሰላም አድርጎ ያስገባህ። ለመልሱ የዘገየሁት በጤና ነው። ነጃት ሱቋን ለሳምንታት ዘግታ ነበር፤ መንገዱም እንደምትሰማው ነው።

ስለ ሸራው ያልከውን አይቻለሁ። ማኪናህ ሸጋ ናት። ባትሪውም ሸጋ ነው።

ናፍጣ ጠፍቷል። ያለውም ሰው የሚሸጠው እንደ መድኃኒት በጠርሙስ ነው። ቢሆንም አሥራ ሦስትና ሃያ ስምንትን አልዘለልኩም።

ጾሙን አስፈጽሞ የፋሲካ ሰው ይበለን።

ዓለምነው


ካስል
ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ዓለምነው፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ።

የእናቴ ተራ ደርሷል። የአጥንት ሐኪሙ ከአዲስ አበባ መጥቶ ጎንደር የሚቆየው አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ ሰኔ 18 ጠዋት ሆስፒታል መገኘት አለባት። በዋዜማው ዳባት ወጥተው ይዘዋት ቢወርዱ ጥሩ ነው። ዳኛው የሚባለውን ሾፌር በስልክ አግኝቼዋለሁ፤ ናፍጣውን ፈልጎ ያመጣል። ይህ ተራ ካለፈ ሌላ መቼ እንደሚመጣ ማንም አይነግረኝም። ሐኪሞቹ ዳሌዋ ዘንድሮ ካልተሠራ ከአልጋ እንደማትነሳ ነግረውኛል።

አያ፣ ባትሪ ያረጃል። ማርጀቱ የሰው ጥፋት አይደለም። ከፒያሳ አዲስ ማስገዛት ለእኔ ቀላል ነው፤ ለነጃት አንድ ቃል ነው። እንዲያው ለጥንቃቄ ቢቀየር ምን ይመስልዎታል? እንደሚሉኝ አደርጋለሁ።

አክባሪዎ ምስጋናው


ጠዳ
ሰኔ 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለምስጋናው፤ የእናትህን ጤና ያሰማህ።

ባትሪው ሸጋ ነው። ደህናውን አውጥቶ ሌላ መግዛት ብክነት ነው፤ ለነጃት አትንገር። ትናንት የሰኔ ሚካኤል ነበር፤ የምችለውን ሁሉ አድርጌያለሁ። በአሥራ ሰባት ጠዋት ከዳኛው ጋር እንነሳለን።

ዓለምነው


ካስል
ሰኔ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

አያ ዓለምነው፣

እናቴ በስልክ «ማኪናዋ ደጄ ቆማለች፤ እኔም አለሁ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ዳኛው ስልኩን አያነሳም። የሐኪሙ ሳምንት አልፏል።

ምን ሆነ?

ምስጋናው


ጠዳ
ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለምስጋናው፣

ሰላምታዬን ዛሬ አሳጥራለሁ። ረጅም ሰላምታ የምጽፈው መደበቂያ ስፈልግ እንደሆነ ገብቶኛል። ፍልሰታን ስጾም ይህችን ደብዳቤ በልቤ ስጽፋትና ስቀድዳት ከረምኩ። የንስሐ አባቴ «ለእኔ የነገርከኝን ለልጁ ካልነገርከው ንስሐህ ግማሽ ነው» አሉኝ።

ባትሪው ሸጋ አልነበረም። ከጥር ጀምሮ ሸጋ አልነበረም።

ሸራውን ያልገለጥኩት ያልከው ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ሰዎች መጥተው የጎረቤቴን የአብዮትን ፒካፕ ለሁለት ቀን ብለው ወሰዷት፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ያንተን በሸራ ሸፍኜ ዙሪያዋን ጭድ ከመርኩባት፤ ለጠየቀኝ ሁሉ «የከብት መኖ ነው» እላለሁ፣ አንድ ጥጃ እንኳ የሌለኝ ሰውዬ። ብገልጣት ትወሰዳለች፣ ባልገልጣት ባትሪው ይራባል። ይህንኑ ብጽፍልህ ምን ነበረበት? ደብዳቤ ይከፈታል ብዬ ፈርቼ ነው ልልህ አስቤ ነበር። እሱ ግማሹ ነው። ግማሹ ግን አደራህን እንዳልቻልኩበት እንዳታውቅ ነው።

ሞተሩንም ግማሽ ሰዓት አላቆየሁትም። ናፍጣው ሲያልቅብኝ አምስት ደቂቃ አስነስቼ አጠፋ ነበር። አንተ እንዲያ አታድርግ ብለህ ጽፈኸዋል፤ እኔ ግን «አስነሳሁ» ለማለት የሚበቃኝን ያህል አስነሳሁ። የካቲት 28 ቁልፉን ሳዞረው «ጢቅ» ብሎ ቀረ። ባትሪውን ፈትቼ ቻርጅ ወደሚያደርግ ሰው በባጃጅ ወሰድኩት፤ መብራት ጠፍቶ ሦስት ሳምንት ሱቁ ጥግ ቆሞ ተመለሰ። መልሼ ገጥሜ ደጋግሜ ሞከርኩት፤ እንቢ ሲለኝ ሚያዝያ ሲያልቅ ፈትቼ ቤት አስገባሁት። አንተ አዲስ ይገዛ ወይ ብለህ የጻፍክልኝ ጊዜ እሱ አልጋዬ ሥር ተቀምጦ ነበር።

ክዳኖቹን ብከፍት ውሃው ወርዷል። የባትሪ ውሃ ፍለጋ ፒያሳን ዞርኩት፤ የለም። እንግዲህ ቀጥሎ ያደረግኩትን ስማኝ። የሰኔ ሚካኤል ዕለት ከጠበሉ በጀሪካን ይዤ መጣሁና ስድስቱንም ጉድጓድ እያማተብኩ ሞላሁት።

የቧንቧ ውሃ አይሆንም ስላልከኝ ነው ብዬ ልከራከርህ እችላለሁ። እምነት ነው ልልህም እችላለሁ፤ ለራሴ ለጊዜው እንዲያ ብዬው ነበር። አሁን ሳየው እምነት አልነበረም። ሰኔ ላይ «አዎ፣ አዲስ ይገዛ» ብልህ ከጥር ጀምሮ የጻፍኩት ሁሉ ውሸት መሆኑ ይወጣል። ሚካኤል ውሸቴን እውነት እንዲያደርግልኝ ነበር የፈለግኩት።

ሰኔ 17 ዳኛው በጠዋት መጣ። ጭዱን አነሳን፣ ሸራውን ገፈፍን፣ ባትሪውን ገጠምን። ቁልፉን አዞረ፤ «ጢቅ»።

«አያ፣ ይህ እኮ ሞቷል!»

«ቀዝቅዞት ነው» አልኩ፤ በሰኔ።

መንደሩን ጠራሁ፤ ገፉ። ጠላ ሻጯ አምሳል አጥሩ ላይ ተደግፋ «አያ ዓለምነው፣ አህያዬን ላበድራችሁ? እሷ ሳትገፋ ነው የምትነሳው!» እያለች ታሾፋለች። አብዮት ትከሻውን ሰጥቶ እየገፋ «የእኔዋን ሲወስዷት አንድ ሰው አልገፋም» አለ። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ቁልቁለቱ ላይ ዳኛው ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ አጓርታ ተነሳች። ሴቶቹ እልል አሉ።

ዳኛው በመስኮት አንገቱን አወጣ። «እንግዲህ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ የሚያዞር ጉልበት የላትም። ጎንደር ሆስፒታል በር እስክንደርስ ይህን ቁልፍ ማንም እንዳይነካ። ከጠፋች ጠፋች!»

አራት ሰዓት ሳይሞላ ዳባት ደረስን። የእናትህን ቤት ታውቀዋለህ፤ ከመንገዱ በታች ጎድጓዳው ውስጥ ነው። ዳኛው ወደ ኋላ እየነዳ በሩ ድረስ አወረዳት። አባይነሽ ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ ትጠብቀናለች። አራት ሰው በአንሶላ ይዞ አልጋህ ላይ አስተኛት። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል፤ መምሬ ገብረ ኢየሱስ መስቀላቸውን ይዘው ማኪናው በር ላይ ቆሙ። ጸሎቱን ቢጀምሩ ሞተሩ ድምፃቸውን ዋጠው። ጮክ አሉ፤ አሁንም አይሰማም።

አባይነሽ ከአልጋው ላይ ጠራችኝ። «ዓለምነው፣ እባክህ ይህን ጩኸት ዝም አሰኝልኝ። ቢላዋ ሥር ልተኛ ነው፤ ምናልባት ላልመለስ ነው። ጸሎቱን ልስማው።»

ዳኛው በመስታወቱ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። ሕዝቡ እኔን ያያል። መምሬ እኔን ያያሉ።

«ከጠፋች አትነሳም» ማለት ነበር። ሁለት ቃል። ግን ስምንት ወር ሙሉ «ማኪናሽ ሸጋ ናት» እያልኩ የላክሁባት ሴት ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ ልጅሽ ባሕር አሻግሮ ያመጣልሽን እኔ ገደልኩት ማለት ሆነብኝ።

«አጥፋው» አልኩ።

«አያ...»

«አጥፋው አልኩህ! በጸሎት መሐል አትከራከረኝ።»

አጠፋው። ምስጋናው፣ እንዴት ያለ ጸጥታ ወረደ መሰለህ። የመምሬ እያንዳንዷ ቃል ትሰማለች፤ ወፏ ትሰማለች። እናትህ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ስድስቱን ጉድጓድ በጠበል የሞላሁት ለዚህች ሰዓት ነው አልኩ በልቤ። «አሜን» ስል ከሁሉም እኔ ድምፄ ይጎላ ነበር።

ከዚያ ዳኛው ቁልፉን አዞረ። «ጢቅ።»

ወደ ላይ ገፋን። አሥራ አምስት ሰው፣ ገመድ፣ ሁለት በሬ። ዳገቱ ጭቃ ነበር፤ ክንድ ያህል ወጥታ ክንድ ያህል ትመለሳለች። አልጋው ላይ እናትህ ስትንገላታ ትሰማኛለች፤ አንድም ጊዜ አልጮኸችም። ከመንገድ አይሱዙ አስቁመን ባትሪውን ለመዋስ ብንለምን ዳኛው «የዚህ ሃያ አራት ቮልት ነው፤ ማኪናዋን ያቃጥላታል» አለ። አሥራ ሁለት ቮልት ያለው አንድ ፒካፕ በከተማው ነበር፤ ባለቤቱ ቁልፉን ይዞ ደባርቅ ሄዷል። እንዲህ ስንል ዘጠኝ ሰዓት ሆነና መንገዱ ላይ መንቀሳቀስ ቀረ። በማግሥቱ መንገዱ ጨርሶ ተዘጋ፤ ሰባት ሳምንት። የሐኪሙ ሳምንት አለፈ።

ዳኛው የዚያን ዕለት ሳይመሽ ኮፈኑን ከፍቶ ክዳኖቹን አንድ በአንድ አወጣ። ጣቱን ነከረ፣ አሸተተ።

«ምን ጨመሩበት አያ?»

ዋሽቼ ደክሞኝ ነበር። «ጠበል» አልኩት።

«ባትሪው ርኩስ መንፈስ ነበረበት እንዴ?» አለ። ቀልዱ ከአፉ ሲወጣ ራሱም አልሳቀም። የምንጭ ውሃ የመሬቱን ነገር ሁሉ ይዞ ስለሚገባ ሆዱን እንደሚያበላሸው ቀስ አድርጎ አስረዳኝ፤ እንደ ልጅ።

መስኮቱ ክፍት ነበርና አባይነሽ ሰማች። «ተወው ዳኛው፤ ለእኔ ብሎ ነው» አለች።

ያ ቃል እስከ ዛሬ ይበላኛል። ለእሷ አልነበረም። ለእኔ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። እቴነሽ የታመመች ጊዜ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። «ምን አለህ?» ስትለኝ «ሸጋ ነው ብሏል» አልኳት። ደግ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ከእኅቷ ጋር ተኳርፋ ነበር፤ ጊዜ ያላት መስሏት ሳትታረቃት ሞተች። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። አሁን ሳስበው የምዋሸው ሰው እንዳያዝንብኝ እንጂ ሰው እንዳያዝን አይደለም።

እናትህ ማኪናዋ ውስጥ ናት። ወደ ቤት እናስገባሽ ብንላት «ይህ የልጄ ቤት ነው» ብላ እንቢ አለች። ሸራው የለም፤ ክረምት ቢሆንም ፀሐይ ብቅ ስትል ሰሌዳውን ታገኘዋለች። ከአሥር ቀን በኋላ ከአልጋው ሥር ያለው ባትሪ ነፍስ ዘርቶ አምፖሉ በራ። አባይነሽ እጇን ወደ አምፖሉ ዘርግታ ሳቀች። የሞተር ባትሪው ግን ላይመለስ ሄዷል።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ቶሎ ይሆንብሃል። እውነቱ ይህ ነው።

ዓለምነው


ካስል
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ዓለምነው፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ መስከረም ላይ ነው። ሦስት መልስ ጽፌ ቀድጃለሁ። ሁለቱን ሄለን አይታ «ይህን ለሽማግሌ አትልክም» አለችኝ። በሦስተኛው ይቅር ብዬዎት ነበር፤ እሱን ስታነብ «ይህ ደግሞ ውሸት ነው፤ የአንተን ለምን አትነግራቸውም?» አለችኝ።

የእኔ ይህ ነው። ማኪናዋ ውስጥ ከመሪው ሥር የክብሪት ቀፎ የምታክል ዕቃ አለች። የባትሪውን ጉልበት እየለካች ወደ ስልኬ ትልካለች። ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ዝም ብላ ነበር። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ለጥቂት ጊዜ ተለቀቀና አንድ ቁጥር መጣልኝ። ከአሥራ ሁለት በላይ መሆን ነበረበት፤ ስምንት ይላል። ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። ይህ ማለት ሞቷል ማለት ነው።

ማለት፣ አያ፣ ባትሪ ያረጃል ብዬ ስጽፍልዎ አውቅ ነበር። እርስዎ «ሸጋ ነው» ብለው እንዲመልሱልኝ ሳይሆን «ግዛ» እንዲሉኝ ነበር የጠየቅሁት። ይዋሹኛል ማለት አቃተኝ። አባቴ ሲሞት እዚህ ሆኜ፣ የቀበሩልኝ እርስዎ ነዎት። እንዴት አድርጌ ውሸታም እልዎታለሁ? ለነጃት አንድ ቃል ብነግራት ባትሪው በሦስተኛው ቀን ጠዳ ይደርስ ነበር። ለዳኛውም ደብቄዋለሁ፤ ለእሱ ብነግረው እርስዎን ማሳጣት መሰለኝ። ለእርስዎ ክብር ብዬ ነው እያልኩ ለራሴ እነግረው ነበር። እርስዎ «አጥፋው» ያሉት በአንድ አፍታ ነው። እኔ ዝም ያልኩት ከአርባ ቀን በላይ ነው።

አዲስ ባትሪ ነጃት ትሰጥዎታለች። ድፍን ነው፤ ክዳን የለውም፤ ምንም አይጨመርበትም።

አሁን አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ። እናቴ በስልክ ድምፅዋ ቀጥኖብኛል። ደህና ነኝ ትለኛለች። ጎረቤቶቹም ደህና ናት ይሉኛል። እርስዎ ይንገሩኝ። እንዴት ናት?

ምስጋናው


ጠዳ
የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምስጋናው፣

ትናንት ሚካኤልን ስሜ መጣሁ፤ ዛሬ እጽፍልሃለሁ።

የነገርከኝን አነበብኩት። ሁለታችንም ለመከባበር ብለን አንዲት ሴት በመሐላችን አስተኝተን ተውናት። ከዚህ በላይ ስለዚህ ነገር መጻፍ አልችልም።

ባትሪውን ነጃት ሰጠችኝ፤ «ይህንንስ ቀሚስ አይሰፉለትም?» አለችኝ። መንገዱ ለአራት ቀን ሲከፈት ዳኛው ዳባት ወጥቶ ገጠመውና ቁልፉን ባዞረ በአንዴ ተነሳች። ጥር ብርዱ ሲከፋ እናትህን ወደ ቤት አስገብተዋት ስለነበር ማኪናዋን ጠዳ አመጣናት። ጣሪያዋ ክፍት ነው። የሚወስዳት ካለ ይውሰዳት ብዬ አንድም ጨርቅ አላለበስኳትም።

እንዴት ናት ብለኸኛል።

ማኪናዋ በተነሳች ጊዜ ሆስፒታል እንውሰድሽ ብለን ለመንናት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ኤሌኒ ጀርባዋን ገልጣ አሳየችኝ። በመተኛት ብዛት ቆስሏል፤ አጥንቱ ድረስ ገብቷል። ልቧም ደክሟል፤ ቀዶ ጥገናውን አሁን እንደማትችለው ነገረችን። አባይነሽ ራሷ «ከእንግዲህ ከዚህ አታንሱኝ» ብላለች። የምትጠጣው ሁለት ማንኪያ አጥሚት ነው። ኤሌኒ «ፋሲካን ካየች ብዙ ነው» አለችኝ።

ዘመድ ተሰብስቦ ነበር። መምሬ ገብረ ኢየሱስም ነበሩበት። «ለልጁ አይጻፍ፤ በሰው አገር ብቻውን ይደነግጣል። የሆነው ሲሆን ሰው ይላክና መርዶውን ቀስ ብሎ ያርዳው» ተባባሉ። እንዲህ ነው ደንቡ፤ እኔም ለስንት ሰው እንዲያ አድርጌያለሁ። ነገሩን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «አንተም እንዳትጽፍ» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። እሺ ያልኩ መሰላቸው።

ምስጋናው፣ እናትህ ሸጋ አይደለችም። አእምሮዋ ግን ሙሉ ነው፤ ስምህን ሲጠሩላት ዓይኗን ትገልጣለች። ባለፈው ስለያት «ልጅሽ ይምጣ ወይ?» አልኳት። «ሥራ አለበት፤ አታስቸግሩት» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና «መንገዱ ክፍት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ና።

የምትደርስበትን ቀን ለነጃት ንገራት። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ከዳኛው ጋር እንጠብቅሃለን። ባትሪው አዲስ ነው፤ ዳኛው «አያ፣ ላጥፋዋ፤ ናፍጣ አባከንን» ማለቱ አይቀርም። እኔ ግን አንተ ገብተህ በሩን እስክትዘጋ ድረስ ሞተሩን አላስጠፋም።

ዓለምነው